የአባየ ማር በፍተሻው በር

ኅዳር 18 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ፣ ከሥራ በኋላ

ዛሬም ያው ደብዳቤ፣ ያው ማኅተም፣ ያው የወረቀት እጥረት። ኃላፊው አስተካክለሽ ጻፊ እያለ መለሰልኝ፤ በመለሰልኝ ቁጥር ሳቅሁለት። ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ምን ያልሆንኩት አለ! ቪዛዬ መጣ፣ ደብተሬ። መጣ። ይኸው እኔ፣ ከአ.አ. ወዲያ ያለውን ዓለም በሬዲዮ ብቻ የማውቀው ሴትዮ፣ ባሕር ልሻገር ነው።

ስርጉትን ላያት ነው። ልጄ ዱባይ ከገባች ዓመታት አለፉ። መጀመሪያ ሰው ቤት ሠራች፤ ኋላ የጎንደር ልጅ፣ ሹፌር አገባች። አምና ፅንሷ ወረደ። አሁን ስምንተኛ ወሯ ነው። በስልክ ትስቃለች፣ ግን ሳቋ ከጉሮሮዋ ነው። ፈርታለች።

አባቴ፣ አባየ፣ ከጽጽቃ በኩል በእግራቸው መጡ። ትከሻቸው ላይ አንዲት ቅል። ነጭ ማር፣ ከዋናው ቀፎ የተቆረጠ፣ ንቡ የመንጠሴ አበባ ቀስሞ የሠራው። አፏን በሰፈፍ ደፍነው፣ ሰፈፉ ሳይደርቅ አውራ ጣታቸውን ጫን አድርገውበታል። የእሳቸው ማኅተም ይኼ ነው። የሚሰብረው የተላከለት ሰው ብቻ። መንገድ ላይ የተከፈተ ማር የተላከ አይባልም፣ የተረፈ ነው የሚባል ይላሉ። ስርጉት በእጇ ትስበረው፤ የመጀመሪያዋን ጣት ስትልስ ምን እንዳለች ሰምተሽ ትነግሪኛለሽ አሉኝ። የአበባውን ስም ካወቀች አገሯን አልረሳችም ማለት ነው።

ከዚያ ቀስ ብለው፣ ልጁ በሰላም ከተወለደ እኔም እበራለሁ አሉ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። አውሮፕላን ላይ በጫማ ነው ወይስ በባዶ እግር የሚወጣው? በጫማ ነው አልኳቸው።

ኅዳር 21፣ ወልድያ፣ አመሻሽ

ወገቤ የለም። ስንት ቁና አቧራ እንደዋጥኩ እግዜር ይወቅ። ሰቆጣ ላይ የአውቶብሱ ረዳት ቅሏን ጣሪያ ላይ ልጫናት ብሎ ሙግት። እኔን ጫነኝ አልኩት። የዚህን መንገድ ጠባይ አውቀዋለሁ፤ ጣሪያ ላይ የወጣ ወይ ተሰብሮ ይወርዳል፣ ወይ ጭራሽ አይወርድም። የኛ አገር ሰው የሚሳሳለትን ጭኑ ላይ፣ የቀረውን ጣሪያ ላይ።

አጠገቤ አንድ የአበርገሌ የፍየል ነጋዴ ተቀምጠዋል፣ ዝምተኛ ሰው። ኮረም ስንደርስ የታቀፍኩትን ጥቅል አይተው፣ ይኼ ሕፃን ምነው አያለቅስ አሉኝ። ሆዴ እስኪታመም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላማ ማን ያቆመኛል። ስርጉትን፣ ቪዛውን፣ አባየን፣ ቀፎውን። ወልድያ ስንገባ ስለ እኔ የማያውቁት የጫማ ቁጥሬን ብቻ ነበር። ሲወርዱ ቅሏን ዳሰስ አደረጉና፣ በሰላም ትግባ ብለው መረቁልኝ።

ኅዳር 24፣ አ.አ.

ወንድሜ ታደሰ ቤት ነኝ። መ/ቤቱ ሁለት ጊዜ በአውሮፕላን ልኮታል፤ ስለዚህ ሁሉን ያውቃል። ቅሏን ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ክተቺ አለ። በእጅ ፈሳሽ ይዞ መግባት ቀርቷል። ፈረንጅ አገር ሰዎች በመጠጥ ጠርሙስ አውሮፕላን ሊያፈነዱ ነበር ተብሎ፣ ከዚያ ወዲህ ሁሉም ውኃውን ደፍቶ ነው የሚሳፈረው።

የዋግ ማር ምን አገባው አልኩ። ፈሳሽ ነው አለ። አይፈስም፣ በማንኪያ ነው የሚቆረጠው አልኩ። ሲሞቅስ አለ። አንተም ሲሞቅህ ትፈሳለህ አልኩት። ሚስቱ ሳቀች፣ እሱ ኮስተር አለ። በመጨረሻ ተረታሁ። ቅሏን በጋቢ ጠቅልዬ ሻንጣው መሀል አስተኛኋት። እሺ ብያለሁ፣ ደብተሬ። ምስክሬ ነሽ።

ኅዳር 25፣ አየር ማረፊያ፣ ከሰዓት በኋላ

ጽሕፈቴ ካልተነበበ ይቅር በይኝ።

በቅደም ተከተል ልጻፍ። ታደሰን ከውጭው በር መለሱት፣ ሸኚ አይገባም። ድሮ ይገባ ነበር አሉ። ተሳሳምን፣ ሄደ። ሻንጣ ማስረከቢያው ጋ ተሰለፍኩ። ከፊቴ የነበረውን ሰውዬ ሻንጣ አንዱ ብድግ አደረገና ወረወረው። ዷ አለ። ተራዬ ሳይደርስ ሻንጣዬን ከፍቼ ቅሏን አወጣሁ። አዎ፣ አወጣኋት። ለወርዋሪ እጅ እንዴት ልስጣት? ጭኔ ላይ ትሄዳለች አልኩ። አውቶብስ መሰለኝ።

ከዚያ ፍተሻ። ጫማ አውልቂ። የካልሲዬ ጣት ተቀዷል፣ አገር አየው። ነጠላሽን አውርጂ። አወረድኩ፣ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት። በሩ ጮኸ። የፀጉር መርፌዬ ነው። ተመለሽ። እጅሽን ዘርጊ። አንዲት ልጅ ከብብቴ እስከ ጉልበቴ ዳበሰችኝ። ሐኪም እንኳ ሲነካኝ ይቅርታ ይጠይቀኛል። እስከዚህ ድረስ ፊቴ ሳቅ ነው፤ ለስርጉት ብዬ።

ቅሏ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ገባች፣ ቆመች። ልጅቷ ጠራችኝ። እማማ፣ ይኼ ምንድን ነው? እማማ! አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ማር ነው አልኩ። አያልፍም አለች። ክፉ አይደለችም፤ አንገቷ ላይ ማተብ አለ፣ አነጋገሯ የደሴ። ሻንጣዬ ውስጥ ይግባልኝ አልኩ፤ ሻንጣሽ ሄዷል። ወንድሜ ይውሰደው፤ ወጥተሽ እስክትመለሺ አውሮፕላኑ አይጠብቅሽም። አጠገቧ በርሜል ቆሟል። ሽቶ፣ ዘይት፣ የሕፃን ወተት፣ ሁሉም እዚያ። ከላይ የማርያም ሥዕል የተለጠፈበት ጠርሙስ፣ የሰው ጸበል። እሱን ሳይ ምላሴ ተሳሰረ። የእኔ ምላስ፣ አስቢው።

አለቃዋ መጣ። ውስጡ ሳይታይ የትም አይሄድም፣ ይከፈት አለ። ቢላ አነሳ። እዚህ ላይ ሳልጮህ አልቀረሁም።

«ይኼን ማኅተም የምትሰብረው ልጄ ናት። የአያቷ ጣት ነው።»

ጎንበስ ብሎ አየው። አውራ ጣቱን፣ መስመሩን። ማየቱን አልክድም። ከዚያ፣ «እናቴ፣ እኔ ባሳልፈው ማዶ ያሉት ያስጥሉሻል» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ቢላውን አላስነካሁትም። በጥፍሬ ዙሪያውን ፈልፍዬ፣ ሰፈፉን እንዳለ እንደ ክዳን አነሳሁት። አልተሰበረም። ሽታው ወጣ።

በርሜል ውስጥ አይደፋም አልኩ። ታዲያ ምን ይሁን፣ ትበይዋለሽ? አለቃው እየቀለደ ነው። እንበላዋለን አልኩ። ከኋላዬ ልጆች ተሰልፈዋል፤ ለዓረብ ቤት ሥራ የሚሄዱ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሻሽ ያሰሩ፣ ፓስፖርታቸውን እንደ ዳዊት ደረታቸው ላይ የያዙ። ስርጉት ስትሄድ የነበራት ዕድሜ። ኑ አልኳቸው። አፈሩ። አንዷ፣ የሐይቅ ልጅ፣ ጣቷን ሰደደች። ከዚያ ሁሉም። በካልሲ፣ አንዳንዷም በባዶ እግሯ፣ ቅል ከበን ቆመን ማር በላን። ፈታሿ ፊቷን አዞረች፤ ቆይታ እሷም ጓንቷን አወለቀች። አለቃው ሰዓቱን ያያል።

የሐይቋ ልጅ እየላሰች ታለቅሳለች። ምን ሆንሽ አልኳት። እናቷ አትሂጂ ብላ ተጣልታት፣ ሳትሸኛት ቀረች። ጉንጯን ሳምኩና አጎረስኳት። የልጄን ማር፣ በእጄ፣ ለማላውቃት ልጅ።

ቅሏን ባዶዋን መለሱልኝ። ባዶ ቅል አይከለከልም። ሰፈፉም ፈሳሽ አይደለም ተባለ። በመሐረብ ጠቅልዬ ጡቴ ሥር ይዤዋለሁ። እዚህ የተቀመጥኩበት አዳራሽ ውስጥ ውኃ ይሸጣል። ያው ውኃ። ከፍተሻው ወዲህ ስለሆነ ጻድቅ ሆኗል።

አውሮፕላን ስፈራ ነበር የከረምኩት። አሁን ፍርሃቱ እንኳ አልመጣም። ተቃጥያለሁ።

ኅዳር 26፣ ዱባይ

ደረስኩ። ስርጉትን አቀፍኳት፤ ሆዷ መሀላችን ገባ፣ እኔንም ገፋኝ። ጎበዝ አልኩት። ደስታዬን ልጽፈው አልችልም፣ ሞከርኩ፣ ሰረዝኩት።

ከዚያ እጄን እጄን አየች። አያቴ ምን ላኩልኝ? ሰላምታ አልኳት። ሰላምታ! ፊቷን መለስ አደረገች። ቅር ሲላት ሁልጊዜም እንደዚያ ናት።

ኅዳር 29

ዛሬ ልብሴን ስታጥፍ ቅሏን አገኘች። አፍንጫዋን ከተተችባት። ቀና ብላ አየችኝ። ነገርኳት። ባሏ ሊያጽናናን ፈልጎ፣ እዚህ ሱቅ የሌለ ማር የለም፣ የየአገሩ አለ አለ። ዝም በል አለችው። ዝም አለ፣ ጨዋ ልጅ ነው።

መሐረቡን ፈታሁ። አውራ ጣቷን በአያቷ ጣት ቦታ ላይ አስቀምጣ ለካች። ሰፊ ነው፣ ጣቷ ውስጡ ጠፋ። ሰፈፉን ገለበጠችው። ከሥሩ ትንሽ ተጣብቆ ነበር። ላሰችው። ዓይኗን ጨፈነች።

«መንጠሴ» አለች።

ሰፈፉን አልሰበረችውም። ቅሏ ውስጥ ሙቅ ውኃ ጨምራ አንቀጫቀጨችና አለቅላቂውን ጠጣች፣ ሁለቴ። እኔ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ከመስኮቱ ውጭ ያለው ሌላ መስኮት ነው።

ታኅሣሥ 12፣ ማለዳ

ተገላገለች! ሴት። ሁለቱም ደኅና። ሐኪም ቤት እልል ስል ነርሷ አፌን ልትይዘኝ ደረሰች። ቤት ገብቼ ደገምኩት፤ ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። ይደብድብ። ከዋግ ድረስ የመጣች እልልታ ናት፣ እሷን ማንም አልፈተሸብኝም።

ታኅሣሥ 14

አባየ ሰቆጣ ገብተው ስልክ ቤት ሲጠብቁ ውለዋል። ደወልን። ስለ ሕፃኗ ነገርኳቸው፤ በኽምጣና፣ በዋጉ አገውኛችን፣ መረቁ፣ ረጅም። ከዚያ፣

«ማኅተሙን ማን ሰበረው?»

ስርጉት አልጋው ላይ ሆና በእጇ ወደ ራሷ ታመለክታለች፤ እኔ በያቸው ማለቷ ነው። አልቻልኩም። ማንም አልሰበረውም አባየ አልኩ። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። ስትልስ ምን አለች? መንጠሴ አለች። ሳቁ። የአባየን ሳቅ በስልክ ሰምቼ አላውቅም።

ቀጥለው፣ ጫማ አሠርቻለሁ፣ መቼ ነው የምበረው አሉኝ።

ደብተሬ፣ ያኔ ያ በር መጣብኝ። አባየ አዲሱን ጫማ ሲያወልቁ። ለእግዜር እንጂ ለሰው ያልዘረጉትን እጅ ሲዘረጉ። ትከሻቸው ላይ ሌላ ቅል፣ ሌላ አውራ ጣት፤ ይኼ ምንድን ነው፣ አባባ? እዚያ ቆመው ሲከራከሩ አየሁ። አይከራከሩም። ዝም ነው የሚሉ። እሱ ነው የባሰው።

አይምጡ አልኩ። ለምን? ያኔ ነገርኳቸው። ሻንጣውን፣ ቢላውን፣ በርሜሉን፣ የሐይቋን ልጅ። አንዲት ሳላስቀር። ስልኩ ተቋረጠ ብዬ አባየ፣ አባየ አልኩ።

«ልጆቹ ጣፈጣቸው ወይ?» አሉኝ።

ጣፈጣቸው አልኩ።

«በይ እንግዲህ ተልኳል ማለት ነው። ሕፃኗን አምጡልኝ። እዚህ በር ላይ የሚቆም የለም።»

ስልኩን ለስርጉት ሰጠኋት። አወሩ፣ አለቀሰች፣ ዘጋች። ባሏ ስለ ፈቃዱ፣ ስለ ሥራው ሊያነሳ ሲል አየችው፤ ተወው። ቆርጠናል። ክርስትናዋ ሰቆጣ ነው። ሰፈፉ አብሯት ይሄዳል፣ ስታድግ እሷ ትስበረው። ስርጉት ለመንገዱ የሕፃን ወተት በጠርሙስ እንዳልይዝ አለችኝ፤ «ጡቴ ላይ ያለውን አያስደፉኝም» ብላ።

ቅሏን እኔ እይዛለሁ። ሻንጣ ውስጥ አትገባም፣ ጭኔ ላይ ነች። ባዶ ናት፤ በየበሩ ታልፋለች።