ስለ እሜቴ የዋሸሁህ

ልጄ፣ በደረስክበት ሁሉ ሰው ይውደድህ፣ ክፉ አይንካህ። እኛ ደህና ነን። አባትህ ወገቡ ተሽሎት ወደ ጋራዡ ተመልሷል። ንፋስ ሲነፍስ የሚንኳኳውንም መስኮት አሠርተነዋል። እንደ ወትሮው እኔ እየነገርኳት የምትጽፈው ታናሽ እህትህ ናት።

ስለ ድመትህ ስለ እሜቴ ግን ዋሽቼሃለሁ። ከሞተች አራት ወር ሆናት። ከስፌት መኪናዬ ስር፣ በቁርጥራጭ ጨርቁ ቅርጫት ውስጥ እንደተኛች ቀረች። በሰባት ዓመትህ በደብተር ቦርሳህ ደብቀህ ያመጣሃት ቀንም የተኛችው እዚያው ነበር። ስትኮራብን አይተህ "እሜቴ" አልካት፤ አንገትህ ላይ ጠምጥመሃት ታጠና ነበር።

ስትሞት ፈተና ላይ ስለነበርክ አልነገርኩህም። ደውለህ "እማዬ፣ ስታንኮራፋ አሰሚኝ" ስትለኝ፣ ስልኩን ወደ ስፌት መኪናው አስጠግቼ፣ እንደ እሷ እንዲያንኮራፋልኝ መርገጫውን ቀስ አድርጌ በእግሬ ረገጥኩት። "ጉንፋን ይዟታል እንዴ?" ስትል ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አለቀስኩ።

ትናንትም "እሜቴ ደህና ናት ብለሽ ጻፊ" ስላት፣ ያቺ ድምጿ የማይሰማው እህትህ እስክሪብቶውን አስቀምጣ፣ "እማዬ፣ እሱን እኔ አልጽፍም" አለችኝ። እውነቷን ነው።

አሁን "አባቴስ እውነት ተሽሎታል?" ትል ይሆናል። እሱ በእውነት ደህና ነው፤ ደውልና ራሱን ጠይቀው። አንተም "ጠግቤ በልቻለሁ፣ አይበርደኝም" የምትለኝ እንዳልጨነቅ ብለህ ከሆነ፣ እባክህ ልጄ፣ እውነቱን ጻፍልኝ። እችለዋለሁ። ከዓይኔ የራቅኸውን ልጄን ፈጣሪ በራሱ ዓይን ይጠብቅልኝ።

እናትህ