«ዞሬ መጣሁ» የሚለው ባሌ

ሰኞ፣ የካቲት 4

ዛሬም ጸጉሩ እርጥብ ሆኖ መጣ። «ላብ ነው» አለኝ። ላብ ጆሮ ውስጥ ይገባል እንዴ? አንገቱን ሲያዘነብል ከጆሮው ውሃ ጠብ ሲል በዓይኔ በብረቱ አየሁ። እኔ ዘይነባ፣ በዚህ ዕድሜዬ ላብና ውሃ መለየት ያቅተኝ?

ይህን ሁሉ ያመጣው የክሊኒኩ ሐኪም፣ ድሬሰሩ ነው። «ጋሼ ሰይድ፣ ደም ብዛት አለብዎት። ሆድዎ ይቀንስ፣ በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ» አለው። ከሱቃችን እስከ መስጊድ ካልሆነ በእግሩ ሄዶ የማያውቅ ሰው፣ አሁን ከአሱር ሶላት በኋላ ሱቁን ለእኔ ጥሎ እየተጣደፈ ይወጣል። መንገዱ ክብ ነው። ከመርከብ ማቆሚያው ተነስቶ የባሮን ወንዝ ዳር ይዞ ይወርዳል፣ በገደሉ አፋፍ ያልፋል፣ ከዚያ በኮረብታው ሥር ዞሮ በገበያው በኩል ቤት ያደርሳል። «ዞሬ መጣሁ» ይላል ሲገባ። ፊቱ ግን የደከመው ሰው ፊት አይደለም። ዛሬ ደግሞ እጁን እየታጠበ ሲያንጎራጉር ሰማሁት። ሰይድ! ያንጎራጉራል!

ማክሰኞ

እስቲ አንድ በአንድ ላስበው። ጸጉሩ። ማንጎራጎሩ። እራት ላይ ድገሚኝ ማለቱ። ሽቶ የለም፤ የሚሸተው የወንዝ ጭቃ ነው። ጭቃ የምትሸት ሴት ደግሞ ምን ዓይነት ናት?

ነገሩ የጀመረው እህቱ እትዬ ፋጡማ ከጎሬ መጥታ ከሄደች ወዲህ ነው። እኔው ያቀረብኩላትን እየበላች፣ እኔው ፊት፣ «ወንድሜ፣ ዘር ሳትተካ ልትቀር ነው? ሸሪዓው ይፈቅድልሃል፣ አንዲት ልጅ ጨምር እንጂ» አለችው። ሰይድ ዝም አለ። እሺም እምቢም የለ። በሳምንቱ እኔን ሳትሰናበት ተነስታ ሄደች። ልጅቷን ልታመጣ ነው የሄደችው ብዬ ስብሰለሰል ከረምኩ። ለካ ጎሬ ድረስ መድከም አላስፈለጋትም፤ እዚሁ ባሮ ዳር ተገኝታለታለች።

ጣውንት። እኔ ከጣውንት ጋር አልኖርም፤ ሻንጣዬን ይዤ እናቴ ቤት እገባለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ረቡዕ

መላ መጣልኝ። መንገዱ ክብ ከሆነ፣ እሱ በወንዙ በኩል ሲጀምር እኔ በገበያው በኩል ብገባ የግድ ፊት ለፊት እንጋጠማለን። ሱቁን ለጃንሆይ ሥዕል አደራ ሰጥቼ ቆለፍኩና ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ።

የጋምቤላ ሙቀት! ኮረብታው ሥር ስደርስ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። ዝንጀሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ታዘበኝ። ገደሉ ጋ ስደርስ ባሮ ከታች ወለል አለ፤ መሐሉ ላይ ያ ብቻውን የቆመ ቋጥኝ፣ በላዩ ነጫጭ ወፎች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆሜ አይ ነበር። ሣሩ ስለረዘመ ከገደሉ ሥር ያለው አሸዋ አይታይም። ሰይድ የለም። መንገዱን ጨርሼ መርከብ ማቆሚያው ደረስኩ፣ ሰይድ የለም።

ግን አንድ ነገር አየሁ። ገደሉ አጠገብ አሪየት ቤት አለ። አሪየት የሚሲዮኑ ክሊኒክ ልብስ አጣቢ ናት፤ አኙዋክ ናት፣ አማርኛዋ የተሰባበረ፣ ባል የሞተባት፣ ረጅም፣ ጥርሷ የሚያምር። አጥሯ ላይ የባሌ ሽርጥ ተሰጥቷል። ጠርዙን በአረንጓዴ ክር የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ቤት ከገባሁ በኋላ መጣ። «ዞሬ መጣሁ» አለ። እኔም ዞሬ መጣሁ፣ አላልኩትም።

ሐሙስ

አሪየት ሳሙና ልትገዛ ሱቅ መጣች። ዓይኗን እያየሁ «አጥርሽ ላይ ያለው የማን ሽርጥ ነው?» አልኳት።

«ጋሽ ሰይድ ነው» አለች፣ ምንም ሳታፍር። «ውሃ ነካው። እኔ አደርቃለሁ።»

«የምን ውሃ?»

ሳቀች። አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች! «እሱ ለዘይነባ አይነገርም አለ። እኔ እሺ አለ። እኔ አይዋሽም፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይዘምራል። አንቺ ራስሽ ሄዶ እይ።»

ሳሙናዋን ወረወርኩላት። ቀልባ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሄደች። ንቀት ነው ወይስ የዋህነት? ደሜ ፈላ።

ዓርብ

ጁምዓ ነው፣ ሰይድ ለእግር ጉዞው አልወጣም። እህል አልወርድ አለኝ። «አመመሽ እንዴ?» አለኝ። «ደም ብዛት ነው» አልኩት።

ቅዳሜ

ተከተልኩት። ገደሉ ጋ ሲደርስ ግራ ቀኙን አየና በአሪየት ቤት ጓሮ ቁልቁል ወረደ። ጃንጥላዬን ጥዬ በሣሩ መሐል በደረቴ ተስቤ አፋፉ ላይ ደረስኩ፤ ሰው ቢያየኝ ምን ይል ነበር!

ባሌ ውሃ ውስጥ ነው። በጀርባው ተንጋሏል፣ ሆዱ እንደ ተገለበጠ ድስት ከላይ ጉብ ብሏል። የአሪየት ወንድም ዓሣ አጥማጁ ኦኬሎ ከሥር በመዳፉ ደግፎታል። ከዚያ ለቀቀው። ሰይድ ተንሳፈፈ፣ ሳቀም። አብረን ስንኖር እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ተናደድኩም፣ ሆዴም ባባ።

«ሰይድ!»

ሰጠመ። ውሃ ጠጥቶ እያስነጠሰ ወጣ።

ወረድኩበት። «ለምን ደበቅኸኝ?»

«አዞ አለ ብለሽ ትከለክይኛለሻ። ደግሞ ሰይድ ሱቁን ትቶ ከልጆች ጋር ይንቦጫረቃል ቢባል፣ ገበያው ሁሉ መሳቂያ ያደርገኛል። መሄዱ ጉልበቴን ጨረሰው፣ ዘይነባ። ውሃው ውስጥ ግን ሆድ የለኝም። ቀሎኝ ነው የምውለው።»

ያን ጊዜ ይዤው የከረምኩትን ጥያቄ አወጣሁት። «ፋጡማ ሚስት ጨምር ስትልህ ለምን ዝም አልካት?»

ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ያ ወሬ አንቺ ፊት እንዲረዝም አልፈለግኩም። ኋላ ለብቻዋ ነገርኳት። ዘይነባ ላይ ማንንም አላመጣም፣ ደግመሽ ካነሳሽው ቤቴ አትምጪ አልኳት። ሳትሰናበትሽ የሄደችው በምን መሰለሽ? ተቀይማ ነው እኮ።»

አሸዋው ላይ ዘጭ አልኩ። «ታዲያ ለእኔ ምላስ አጣህ? ይህን ሁሉ ጊዜ በእሳት ስጠበስ!» በነጠላዬ መታሁት፣ ደግሜ መታሁት፣ ከዚያ አለቀስኩ። «ያወቅሽ መስሎኝ» ይላል የኔ ሞኝ፣ ውሃ እየተንጠባጠበ። ኦኬሎ ጨዋ ነው፣ ዞር አለልን።

አሪየትን ሳሙና ወርውሬባታለሁ። ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ይቅርታ እላታለሁ።

ሰይድ እንደገና ገባ። እኔ ዳሩ ላይ ተቀምጬ ውሃው ላይ አፈጣለሁ። አንድ ጥቁር ነገር ከቋጥኙ በኩል ቀስ እያለ ሲመጣ «ውጣ! ያረሕማን፣ ውጣ!» ብዬ ጮህኩ። ግንድ ነበር። ሁለቱም ሳቁብኝ። ይሳቁ! ከእንግዲህ ሲወርድ አብሬው እወርዳለሁ። ሰይድን አምኜዋለሁ። ባሮን ግን እንጃ።