የድንጋዩ ከንቲባ ኮፍያ

ለተከበርሽው አክስቴ፤
ዊትቢ፣ ባሕሩ ዳር።

ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነ ተቀመጪ። ሻይ ይዘሽ ከሆነም አስቀምጪው። በከባድ ልብ የማሳውቅሽ ነገር አለ፦ ባለፈው ማክሰኞ፣ በጠራራ ፀሐይ (ፀሐይዋ እንኳ አልነበረችም)፣ አገር እያየ፣ አባትሽን፣ አያቴን፣ ፖሊስ በመኪና ጭና ቤት አምጥታቸዋለች።

መርዶውን ካደረስኩ ዘንዳ ሰላምታዬን ልቀጥል። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ያቺ ቺፕስሽን ከእጅሽ የምትነጥቀው የባሕር ወፍ አሁንም ጣራሽ ላይ ናት? እኔ እዚህ አባትሽ ጋ ደህና ነኝ። ትምህርት ቤቱም እኔን ካሰናበተ ወዲህ ጤናው እንደ ተመለሰ ይወራል። በስልክ ያልነገርኩሽ ስለምታቋርጪኝ ነው፤ ደብዳቤ ግን አይቋረጥም።

እናትሽ በሚያዝያ ካረፈች ጀምሮ አባትሽ ከወንበራቸው አልተነሡም። የፊታችን እሑድ መጥተሽ ወደ አንቺ ልትወስጃቸው፣ ቤቱንም ልትሸጪ መቁረጥሽን ከደብዳቤሽ ሳነብላቸው፣ «እሺ፣ እሷ ካለች» ብቻ አሉ። አክስቴ፣ አባትሽ «እሺ» ሲሉ በዕድሜሽ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

የአደባባዩን ከንቲባ መቼም አትረሺውም፤ በልጅነትሽ አይስክሬም የለጠፍሽበት፣ ጀርባውን ለማዘጋጃ ቤቱ ሰጥቶ በድሮው የእህል ገበያ ላይ ጣቱን የቀሰረው የድንጋይ ሐውልት። ብርድ በገባ ቁጥር ጭንቅላቱ ላይ ቀይ የሱፍ ኮፍያ ይገኛል። መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤቱ አወረደው፤ ሕዝቡ ሲያጉረመርም ተወው። ጋዜጣው ሳይቀር «ማን ይሆን?» ብሎ ጠይቋል። አንቺም አምና «የሰካራም ተማሪ ሥራ ነው» ስትይ፣ እናትሽ ሻይ ደገመችልሽ።

ዘንድሮ ብርዱ ገባ፤ ከንቲባው ግን ራሱ ባዶ ነው። አንድ ቀን ለነገር ፍለጋ ያህል፣ «ከንቲባው ጉንፋን ይዞታል አሉ» አልኳቸው።

ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ባዶ ራሱን ነው?»

«እንደ እርስዎ።»

ተነሡ። አክስቴ፣ ተነሡ! ከቁም ሳጥን ሥር የእናትሽን የክር ቅርጫት ጎትተው አወጡ፤ ውስጡ ግማሽ የደረሰ ቀይ ኮፍያ አለ። ከዚያ ወዲያ ጎረቤታችን ወይዘሮ ፕላስኪት በየከሰዓቱ እየመጡ ሹራብ አሠራር አስተማሯቸው፤ ማስተማር ከተባለ። «ሚስተር ኦልድሮይድ፣ ይኼ ኮፍያ ነው ወይስ የዓሣ መረብ?» ሲሏቸው፣ አባትሽ «አንቺ ሴትዮ፣ አየር እንዲገባበት ብዬ ነው» ይላሉ።

ኮፍያው ሲያልቅ ሌሊት የምንወጣ መስሎኝ ጥቁር ልብስ አዘጋጀሁ። አባትሽ ሳቁብኝ። «በሌሊትማ ሌባ ትመስላለህ። በዚህ አገር ቢጫ ሰደርያና መሰላል ካለህ በቀትር ቤተ ክርስቲያኑን ነቅለህ ብትሄድ ማንም አይጠይቅህም።» እውነታቸውን ነው። ማክሰኞ በቀትር ቢጫ ለብሰን፣ መሰላል ተሸክመን አደባባዩ ደረስን፤ አንዲት ሴት ብቻ «ጥገናው መቼ ያልቃል?» አለች፤ አባትሽ «በጀት ሲፈቀድ» አሏት፤ ተንፍሳ መንገዷን ቀጠለች።

መሰላሉ የቱ ንጣፍ ድንጋይ ላይ እንደሚቆም ሳያዩ ያውቁት ነበር። ልወጣ ስል ክንዴን ያዙኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ እሷ ስትወጣ እኔ ያዥ ነበርኩ። ዛሬ አንተ ያዝ።»

ትንፋሽ ሊሰበስቡ መሰላሉ ሥር ጥቂት ቆሙ። ጥፋቱ የመጣው ከዚህ ነው። አንድ ሽማግሌ መጥተው ከኋላቸው ቆሙ። ከዚያ ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናት። እኔ አንድም ቃል አልዋሸሁም፤ ለመጣ ሰው ሁሉ «እባክዎ ከኋላ ይቁሙ» ብቻ ነው ያልኩት። ሰልፉ በአደባባዩ ዳር የተቀመጡትን የድንጋይ አንበሶች አልፎ የእህል ገበያው በር ደረሰ። አንዱ «የምንድን ነው?» ሲል ሌላው «እኔ ምኑን አውቄ፤ ረጅም ስለሆነ ግን ደህና ነገር ሳይሆን አይቀርም» ይለዋል።

ሰልፉን አይታ ወጣት ፖሊስ መጣች። አባትሽ ያን ጊዜ መሰላሉ መሐል ላይ ናቸው፤ ጉልበታቸው ተቆልፎ ወደ ላይም ወደ ታችም እምቢ ብሏል። እኔ መሰላሉን ሳይሆን ነፍሴን ይዣለሁ። ልጅቱ ከኪሳቸው የተንጠለጠለውን ቀይ ነገር አየች። ከዚያ መሰላሉን በሌላው ጎን ያዘችና፣ «ዘንድሮ የቀረ መስሎኝ ነበር። ይውጡ እንጂ አባት፣ ሕዝብ እየጠበቀ ነው!» አለቻቸው።

ወጡ። ኮፍያውን እስከ ጆሮው ድረስ ጎተቱለት፤ ጠጋ ብለውም የሆነ ነገር ነገሩት። አልሰማሁም። ለከንቲባው የተነገረ ግን አይመስለኝም።

ሲወርዱ ግማሹ አጨበጨበ፣ አንዱ «ለዚህ ነው የተሰለፍነው?» ብሎ ተቆጣ። ጉልበታቸው መራመድ ስለከለከላቸው ልጅቱ በመኪናዋ ቤት አደረሰችን። ጎረቤት ሁሉ መጋረጃውን ገለጠ፤ ይደውሉልሽ ይሆናል፣ እንዳትሰሚያቸው።

ኮፍያውን ከሥር ለሚያየው የእናትሽ እጅ ነው፣ ቀጥ ያለ። ጠማማው ጫፉ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ከእርግቦች በቀር የሚያይ የለም። ቀይ ክሩ ስላለቀ ጫፉ አረንጓዴ ሆኗል። መሳቢያ ውስጥ ስለተውሽው አረንጓዴ የትምህርት ቤት ሹራብ የምትጠይቂኝ ከሆነ፣ ያ ደብዳቤሽ አልደረሰኝም።

እሑድ ነይ። ባዶ ካርቶን ግን አትያዢ፤ ክር ያዢ፣ ቢጫ ቢሆን ደስ ይለኛል። አንበሶቹ ሁለት ናቸው፣ አንገታቸውም ወፍራም ነው። ትናንት ማታ «እሑድ እኮ ልትወስድዎት ነው» ብላቸው፣ ከመርፌያቸው ቀና ሳይሉ «ጊዜ የለኝም በላት» አሉኝ።

ባሕሩ አይቆጣሽ፣ ነፋሱ ጣራሽን ይማርልሽ፣ ቺፕስሽንም ወፍ አይቀማሽ።

እንግዲህ ጉዳዩ ሁሉ ቢጨመቅ አንድ ኮፍያ ነው። መርዶ ያስመሰልኩት ፖስታውን እንደ ወትሮው ሳምንት እንዳታሳድሪው ብዬ ነው።

የእህትሽ ልጅ፣
አዲሱ መሰላል ያዥ።