የኖሊን እግር ጥፋት

ይድረስ ራንጉን ላሉት ለጋሼ ሃሪፓዳ። ባሕር ቢለየንም ከካልካታ ሆኜ እግርዎን ነክቼ ሰላም ብያለሁ።

ከእንግሊዝ ወታደሮች ቡድን ጋር በተደረገው የእግር ኳስ ግጥሚያ አንዱ ወታደር የኖሊንን እግር በቦት ጫማው ረገጠው፤ ዳኛው ግን ከሜዳ ሲወጡ፣ «ጥፋቱ የእግሩ ነው፤ ከቦት ጫማ ሥር ምን ሊሠራ ገባ?» ሲሉ ሰማሁ። ለካ በባዶ እግሩ የሚከላከለው ወንድማችን ኖሊን ነው የእንግሊዙን ወታደር ጫማ ያጠቃው። ጋዜጣውም ወታደሩን «ጨዋ ተጫዋች» ብሎታል፤ እንግዲህ ሄደን ጫማውን ይቅርታ መጠየቅ ነው የቀረን።

ኖሊን ግን፣ «ተወው ሺቡ፣ ኳሷ አላለፈችም አይደል?» እያለ ይስቅብኛል። ለቅዳሜው የዋንጫ ጨዋታ እሰለፋለሁ ብሏል።

እናታችን ደህና ናት፤ ዝናቡ አላባራም፤ ሁላችንም ደህና ነን። ትናንት ለፈተና ስወጣ እንደ ደንባችን የታላቅ ምርቃት ለመቀበል የኖሊንን ሁለት እግሮች ልነካ ጎንበስ ስል፣ ግራውን ከአልጋው ሥር ሸሽጎ ቀኙን ብቻ ዘረጋልኝ።

ታናሽዎ ሺቡ