የዓሣ አፍ ያለው ወንፊት

ኅዳር 9፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ

ወደብ ላይ ላለው ባለቤቴ፣

ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኔና እህትህ ደክሞናል እንጂ አለን። ልብስ ማጠቢያ ቤታችንን ትተን ወደብ እንሂድ ስትለኝ እምቢ ካልኩህ ወዲህ ተኳርፈናል። ይህን የምጽፍልህ ግን ስለ ኩርፊያው አይደለም፤ ስለ ዓሣ ነው።

ቤቱ ሊታሸግብን ነበር። ከእንግዳ ማረፊያው የሚመጣው ፎጣ ብናኙ አያልቅም፤ ከአረፋው ጋር እየወረደ የሰፈሩን ቦይ ደፈነው። የፍሳሽ ተቆጣጣሪው መጥቶ «እስከ ወሩ መጨረሻ አጣርታችሁ ካልለቀቃችሁ አሽጋለሁ» አለን። በጨርቅ ብናጣራ ጨርቁ ወዲያው ይደፈናል። እህትህ ታፈሳለች፣ እኔ ጨርቁን አጥባለሁ፣ ደግሞ ይደፈናል። ክንዴን ማንሳት አቅቶኝ ፀጉሬን የምታበጥርልኝ እሷ ሆነች።

ሳሙና ተጠቅልሎበት በመጣ የመጽሔት ቅዳጅ ላይ አፉን ከፍቶ የሚዋኝ ትልቅ ዓሣ አየሁ። ውሃውን በጉንጩ ወንፊት አስወጥቶ ምግቡን ያስቀራል፤ ወንፊቱ ግን አይደፈንም። እሱን አይተው የውሃ ማጣሪያ የሠሩ ሰዎች አሉ ይላል። የቀረው ተቀዷል።

ለእህትህ ባሳያት «አንቺ፣ ዓሣ ፎጣ ሲያጥብ ያየሽው የት ነው?» አለችኝ።

«አይሳቅም እትዬ፤ ይልቅ ጄሪካኑን ያዢልኝ።»

«ይዣለሁ። ወንድሜን ዓሣ ወሰደው፤ አሁን ደግሞ አንቺን ሊወስድሽ ነው!»

የጄሪካኑን ጎን ቆርጬ ወንፊት ሰፋሁበት። ከውስጥ እንደ ዓሣው የጉንጭ አጥንት የሽቦ ቀለበት ደረደርኩ። ስናፈስበት ተደፈነ። ደጋግሜ ሠራሁት፣ ደጋግሞ ተደፈነ። እውነቱን ልንገርህ፣ ቁልፉን ለተቆጣጣሪው ሰጥቼ መተኛት አማረኝ።

በመጨረሻ ከገበያ የዓሣ ጭንቅላት ገዛሁ። አንተ የዓሣ ሆድ ስትከፍት ፊቴን አዞር ነበር፤ አሁን ግን ጣቴን በአፉ ሰደድኩ። ወንፊቱን አልፎ በጉሮሮው በኩል ወጣ። ለካ እኔ ውሃ እንዳይባክን ብዬ የጄሪካኑን ጀርባ ደፍኜዋለሁ! ዓሣው ይውጣል፤ የሚያስቀረው ሁሉ መሄጃ አለው። ጀርባውን ቀድጄ ከረጢት አሰርኩበት። ውሃው ከየቀለበቱ ኋላ እየተሽከረከረ በጎን ሲወጣ፣ ብናኙ ወንፊቱ ላይ ሳያርፍ ከጥቂት ውሃ ጋር እየተንሸራተተ ከረጢቱ ውስጥ ገባ። እህትህ ባልዲውን ይዛ ሌላ ውሃ ልትቀዳ ሮጠች።

ተቆጣጣሪው ባለፈው ሳምንት መጣ። ውሃውን በብርጭቆ ቀድቶ ወደ መስኮቱ አነሳው። «ማን ሠራላችሁ?» ሲል እህትህ ቀደመችኝና «ዓሣ!» አለችው። ሳቀ። «እንዲህ ከቀጠለ ሥሩ» ብሎን ሄደ።

መቀጠሉ ነው የቸገረኝ። ውሃው ሳይቆራረጥ መፍሰስ አለበት፤ ከቆመ ብናኙ ይቀመጥና ይደፈናል። አንድ ሰው ደረጃው ላይ ቆሞ ከላይ ያፈሳል፣ አንድ ሰው ከታች ከረጢት ይቀይራል። እህትህ ደግሞ ካለፈው እሑድ ጀምሮ ወገቧን ይዟት ተኝታለች፤ ሐኪሙ ከእንግዲህ ባልዲ አታንሺ ብሏታል። አትደንግጥ፣ አፏ ደህና ነው። እኔ ግን ብቻዬን ደረጃውን ስወጣና ስወርድ እውላለሁ፤ ላይ ስደርስ ታቹ ሞልቷል፣ ታች ስደርስ ላዩ ቆሟል። ዛሬ ሁለቴ ተደፍኖብኝ ውሃውን ሳላጣራ ለቀቅኩት። ተቆጣጣሪው ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

እህትህ አልጋዋ ላይ ሆና «ና በይው» ትለኛለች። እኔ አልልም። የራስህ ሥራ አለህ፤ ኩርፊያችንም እንዳለ ነው። እንድታውቀው ያህል ግን፣ ከወደብ የሚመጣው አውቶቡስ መንገዱን ቀይሮ አሁን በደጃችን ያልፋል። ሹፌሩን «ልብስ ማጠቢያው ጋ አውርደኝ» ካልከው ይቆማል፤ ጠይቄዋለሁ።

ባሕሩ እንደወሰደህ በደህና ይመልስህ። እጅህንም ከብርድ ጠብቅልኝ።

ባለቤትህ