የሳሙኤል የመጨረሻው ቅጂ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ዛሬም ሳጠፋ ዋልኩ። ክላውድ ላይ በተከራየናቸው ኮምፒውተሮች ውስጥ ፕሮግራሞቻችንን ለየብቻ ይዘው የሚያሠሩት ኮንቴይነሮቻችን የትኛውን ፕሮግራም እንደሚያስነሱ፣ ምን ያህል ሜሞሪ እንደሚወስዱ የሚነግሯቸው የድሮ ኮንፊገሬሽኖች፣ ማለትም የትእዛዝ ፋይሎች፣ ተከምረዋል። አንድ ነገር በተለወጠ ቁጥር አዲስ ቅጂ ይወጣል፤ አሮጌውን የሚያጸዳው የለም። መጀመሪያ ከአገልግሎት አወጣቸዋለሁ፣ ከዚያ አጠፋቸዋለሁ። አንዴ ከጠፉ መመለሻ የላቸውም። አብዛኞቹን የጻፋቸው የሥራ ባልደረባዬ ሳሙኤል ነው።

ከሰዓት በኋላ አንዱ ላይ ቆምኩ። ለታካሚዎች የቀጠሮ መልእክት የሚልከው ፕሮግራም አሁንም የሚነሳው በሳሙኤል አሮጌ ቅጂ ነው። አለቃዬ ዳዊት በስልክ፣ "አዲስ አለ አይደል? አጥፊው በቃ" አለኝ። አዲሱን ሞከርኩት። ይነሳና ወዲያው ይወድቃል።

ከቀጨኔ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ሳሙኤልን ልጠይቅ ወረድኩ። ከተኛ ሰንብቷል። ስለ ሥራ ላላነሳበት ወስኜ ነበር፤ እሱ ግን ፊቴን አይቶ፣ "ምን ተበላሸ?" አለኝ። ነገርኩት። "ሜሞሪ አንሶት ነው፤ ጨምሪለት። ከዚያ የኔን አጥፊው" አለ።

"የአንተ ይቆይ፣ ግድ የለም።"

"ሂሩት፣ እኔ እኮ ተመልሼ አልነካውም።"

እናቱ ብርቱካን ልጠው ሰጡኝ፤ በላሁ።

ቤት ገብቼ ሜሞሪውን ጨመርኩ። አዲሱ ተነሳ፣ አልወደቀም፤ መልእክቶቹም ወጡ። የሳሙኤልን ከአገልግሎት አወጣሁት። ማጥፋቱን ግን... ደክሞኛል። ሳላጠፋው ለዳዊት "አልቋል" ብዬ ጻፍኩለትና ኮምፒውተሩን ዘጋሁ።