ሁለተኛው ግንባር ያፈረሰው እጮኝነት

ለውድ ወንድሜ ለቶሂርጆን፣

ሰላምታዬ ካለህበት ሁሉ ፈልጎ ያግኝህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? እዚያ ጦር ሜዳው ላይ በረዶው እንዴት ይዞሃል? እማማ በእጇ የሠራችልህ የሱፍ ካልሲ ደረሰህ ወይስ መንገድ በላው? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን፤ አባባ ደህና ካደረጉን።

ብዕር ያነሳሁትም እሳቸውን ልከስልህ ነው። ገበያው መሐል የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ከተሰቀለ ወዲህ ቤታችን አባት የለውም፤ ጄኔራል ነው ያለው። ጠዋት ዜናውን ሰምተው ሻይ ቤቱ መደብ ላይ ይወጡና ለሽማግሌዎቹ ይተረጉማሉ። ራሽያኛቸው ፍየል ከመግዛት እንደማያልፍ ታውቃለህ። ግን ስኒዎቹን በዱላ ወዲያ ወዲህ እየገፉ «ከበባ ማለት ይሄ ነው፣ መልሶ ማጥቃት ደግሞ ይሄ» ይላሉ። እማማ እንጨት አለቀ ስትላቸው ስልታዊ ማፈግፈግ ነው ብለው ሹልክ ይላሉ። እኔ ፋብሪካ ከፈላ ውኃ ውስጥ ለፓራሹት የሚሆን ሐር ስስብ ውዬ ጣቴ ተልጦ እገባለሁ፤ እንጨቱን የምፈልጠውም እኔው ነኝ።

ይህንንስ እችለው ነበር። ባለፈው መከር፣ ጀርመን ስታሊንግራድ ገባ በተባለ ሰሞን ግን፣ አባባ እንግሊዝና አሜሪካ በዚህ ወር ሁለተኛውን ግንባር ከፍተው ጀርመንን ከጀርባው ይወጉታል ብለው ሻይ ቤቱ ፊት ማሉ። አማትህ ሊሆን የነበረው ጎረቤታችን ሆልማት ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ የሰው ቤት ሲቃጠል ማን ውኃ ይዞ ይሮጣል? አይመጡም» አላቸው። ቃል ቃልን ወለደ። ሆልማት ያንተ ራስ ከድምፅ ማጉያው በምን ይሻላል፣ ሁለቱም ቆርቆሮ ነው ብሎ አከለበት። አባባ በንዴት ቤት ገብተው፣ ዳቦ ቆርሰን ያሰርነውን የአንተንና የናዞካትን እጮኝነት አፍርሻለሁ ብለው ሰው ላኩ። እማማ አለቀሰች፣ እኔ ለመንኩ፤ ማን ሰምቶኝ። ያልመጣ ጦር የምትመጣ ምራት አስቀረብን። ናዞካት ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራው ከጎኔ ነው፤ ቀና ብላ ማየት እንኳ ተወችኝ።

ስታሊንግራድ ላይ ጀርመኖቹ እጅ ሰጡ የተባለ ቀን ገበያው በከበሮ ተናወጠ። አባባ ጦርነቱ ዛሬ ፊቱን አዞረ እያሉ የማያውቁትን ሰው ሁሉ ሲያቅፉ ዋሉ። የዚያኑ ቀን ከሆልማት ቤት እሪታ ተሰማ። አብሮ አደግህ ሳሊም፣ የናዞካት ወንድም፣ መርዶው መጣ። እንዲህ ሳልዘጋጅ ሳላዘጋጅህ መንገሬን ይቅር በለኝ። የወደቀው እዚያው ስታሊንግራድ ነው፤ አባባ ጦር ይመጣል ብለው በማሉበት ወር።

አባባ ቤት ሲገቡ ነገርኳቸው። ካባቸውን በመቀነት አጥብቀው ወጡ። ለጠብ መስሎኝ ተከተልኳቸው። ሆልማት ደጃፍ፣ የሟች ዘመድ የሚቆምበት ቦታ ላይ ሄደው ቆሙ።

«ልክ ነበርክ ሆልማት፤ አልመጡም» አሉት።

ሆልማት «ምነው የተሳሳትኩት እኔ በሆንኩ» አለና ከጎናቸው ቆመ። እስኪመሽ ድረስ ለቀስተኛውን አብረው ተቀበሉ።

የእጮኝነቱን ነገር እስካሁን ያነሳ የለም፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ አይነሳም። ናዞካት ግን ትናንት ሥራ ላይ ቀና ብላ ወንድምሽ ይጽፋል ወይ አለችኝ። ምን ልበላት? ሳሊምም እንደ አንተ ደብዳቤ አቋርጦ ነበር። ስለዚህ ክሴ አባባ ላይ ብቻ አይደለም። አንዲት መስመር ይበቃናል። እጅህ እንቢ ካለህ ጓደኛህ ይጻፍልን።

እማማ ዓይንህን ትስማለች። አባባ ሰላም ይሉሃል፤ ምን እንደምትበላም ጠይቂው ብለውኛል፣ ስለ ግንባሩ አልጠየቁም። ናዞካት ሰላም በይልኝ አላለችም፤ እኔ ግን ብላለች እልሃለሁ።

እህትህ ሳኖባር
ማርጊላን፣ የካቲት 1943 እ.ኤ.አ.